«ተዋቸው፣ ልጆች ናቸው» እና ሌሎች ስህተቶቻችን

መስከረም ላይ አዲስ አበባ ዳር ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮየ ፈጬ ወይም የካ አባዶ፣ ያለ አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡትን ልጆች አስቡ። አንዱ ከመሀል ከተማ በልማት ተነስቶ የመጣ ነው። አንዷ ከክፍለ ሀገር መጥታ አክስቷ ጋ የምትኖር ናት። ሌላው ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት ቤተሰቡ እዚያው መሬት ላይ ሲያርስ የነበረ ልጅ ነው። ገና አልተዋወቁም። ጉልበተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ጓደኛ የሌለውን ነው። ስለዚህ የሌላውን ስሜት መጋራትን ለልጆች ማስተማር በተለይ እኛ ዳር ያለነውን ይመለከተናል። ግን ስናስተምር የምናበላሸው ነገር አለ።

ፎገራን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ልጆች ይጣላሉ፣ ይፎጋገራሉ፣ ማታ አብረው ኳስ ይጫወታሉ። እውነት ነው። ግን ስዊድን ተወልዶ ኖርዌይ የሠራው ተመራማሪ ዳን ኦልዌየስ የጉልበተኝነትን ሦስት መለያዎች አስቀምጧል፤ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ ተጠቂው ራሱን የመከላከል አቅም ያንሰዋል። አፉን በአፋን ኦሮሞ የፈታ ልጅ አማርኛ ሲያነብ ክፍሉ አንድ ቀን ቢስቅ ሊረሳው ይችላል። እጁን ባወጣ ቁጥር ከተሳቀ ግን እጅ ማውጣቱን ይተዋል። መምህሩም «ሰነፍ» ይለዋል። ማንም አልመታውም፤ ቢሆንም ተጎድቷል።

«አንተስ ምን አድርገኸው ነው?» ብሎ መጀመር

ልጁ ለመናገር ስንት ጊዜ አስቦ ይሆናል። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምርመራ ከሆነ ሁለተኛ አይነግረንም። «ከዚያስ? የት ነበራችሁ? ማን ማን ነበር?» ብሎ መስማት ይበቃል። «ምታውና ይተውሃል» የሚለው ምክርም ለትልቁ ልጅ እንጂ ለትንሹ አይሠራም። ትንሹማ መምታት ቢችል መች ወደ እኛ ይመጣ ነበር።

የማይናገሩ ልጆች ደግሞ አሉ። እሑድ ማታ ሆድ ቁርጠት ይጀምራቸዋል፣ ደብተራቸው ይጠፋል፣ ወይም የሚሄዱበትን መንገድ ይቀይራሉ። የመጨረሻውን ልብ በሉ። እኛ ጋ ከትምህርት ቤት እስከ ብሎክ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ያላለቀ ሕንፃና ጭር ያለ ሜዳ ይበዛበታል። ብዙ ነገር የሚደርሰው ከግቢ ውጭ ነው።

ወዲያው ማስታረቅ

«ይቅርታ ጠይቀው፣ ተጨባበጡ፣ አለቀ።» አላለቀም። ሁለቱንም ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ጎን ለጎን አቁሞ ማጨባበጥ እኩል ለተጣሉ ልጆች ነው። አቅማቸው እኩል ካልሆነ ተጠቂው ፈርቶ «እሺ» ይላል፣ ሌላኛው በር ላይ ይጠብቀዋል። ጥሩ ሽማግሌ እንኳ በዳይና ተበዳይን መጀመሪያ ለየብቻ ነው የሚያናግረው። መጀመሪያ ተጠቂውን ብቻውን ስሙት። ሌላኛውንም ብቻውን አናግሩት። ይቅርታው ከመጣ፣ ኋላ ይምጣ።

«ስሜቱ ስላልገባው ነው» ማለት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በደንብ የገባው ጉልበተኛ ሞልቷል። አባቷ ዘበኛ መሆኑን የምትደብቅን ልጅ፣ ሰው በተሰበሰበበት «አባትሽ ዛሬ በር ከፈተልን» የሚላት ልጅ የት እንደሚያማት አሳምሮ ያውቃል። ተመራማሪዎችም ሁለቱን ይለያሉ፤ ሌላው ሰው ምን እንደተሰማው ማወቅ አንድ ነው፣ ያ ስሜት እኛንም መንካቱ ሌላ። በጥናቶች እንደታየው ጉልበተኞች ይበልጥ የሚጎድላቸው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ «አንተ ብትሆን ምን ይሰማሃል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሩቅ አይወስድም። ልጁ ትክክለኛውን መልስ ይመልሳል፤ ነገም ጥቃቱን ይደግመዋል።

ለሌላ ሰው የመጠንቀቅ ልምድ ከስብከት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሜሪ ጎርደን የተባለች መምህርት ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ የጀመረችው ፕሮግራም አለ። አንድ ሕፃን ከወላጁ ጋር ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሰ ክፍል ይገባል። ተማሪዎቹ ለምን እንዳለቀሰ፣ ምን እንዳስፈራው ይነጋገራሉ። ከዚያ ወደ ራሳቸው ስሜት ይመጣሉ። (እኛ ጋ ሕፃን ለማግኘት መቼም ችግር የለም።) ያ ቢከብድ፣ ትልልቆቹ ለአንደኛ ክፍል ልጆች እንዲያነቡ ማድረግ ወይም አዲስ ተማሪ ሲመጣ የሚያለማምደው ልጅ መመደብ ይቻላል። ሚኒ ሚዲያ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ «እንዋደድ» ከማለት ይሻላል።

ተመልካቾቹን መርሳት

በዳይና ተበዳይ ላይ ስናፈጥ ዙሪያውን የቆሙትን እንረሳለን። ካናዳ ውስጥ በትምህርት ቤት ሜዳዎች በካሜራ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት፣ በ88 በመቶው ጥቃት ላይ ሌሎች ልጆች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ጣልቃ ሲገባ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ያስፋፋችው፣ ጉልበተኝነትን የሚከላከለው ኪቫ የተባለ ፕሮግራም ዋና ትኩረቱን ያደረገው ተመልካቾቹ ላይ ነው።

ታዲያ እኛ ያየውንና የተናገረውን ልጅ ምን እንለዋለን? አሳባቂ። ይህን ስም ከአዋቂ አፍ እናጥፋው። ሰውን ለማስቀጣት ማሳበቅና ሰውን ለማዳን መናገር አንድ አይደሉም። ሁሉም ልጅ ጉልበተኛን ፊት ለፊት ይጋፈጥ ማለትም አይደለም። ከተገለለው ልጅ ጋር ምሳ መብላት ይቻላል። አለመሳቅ ይቻላል። የጓደኛውን ፎቶ የቴሌግራም ስቲከር አድርገው ግሩፕ ላይ ሲለቁ አለመቀባበልም ይቻላል።

ዱላ

አጭር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ጉልበተኛን በሰልፍ ፊት በኩርኩምና በስድብ መቅጣት ደግሞ ጉልበት ያለው ያሸንፋል የሚለውን ራሱን ትምህርት ነው የሚያስተምረው።

የበዳዩን ቤት ማንኳኳት

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይሄ ቅርብ ፈተና ነው። ልጁ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ከእናቱ ጋር እቁብ ትጥላላችሁ። ቱግ ብሎ መውጣት ቀላል ነው። ግን ደረጃ ላይ በሁለት እናቶች የተጀመረ ጭቅጭቅ ብሎኩን ለሁለት ይከፍላል፣ ልጆቹም ወገን ይይዛሉ። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የተባለውን ጻፉ። ከዚያ ስም ጠሪ መምህሩን፣ ቀጥሎ ዩኒት ሊደሩንና ርዕሰ መምህሩን አናግሩ። ካልሆነ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አለ። ሳምንት ሳትቆዩ ተመልሳችሁ ምን እንደተደረገ ጠይቁ፤ ልጃችሁንም ለብቻ ጠይቁ፣ መንገዱ ላይ ስለሚሆነው ጭምር።