ለአረጋውያን የዋጋ ቅናሽ እንዴት ይደረግ? ለመሀል አዲስ አበባ ነጋዴዎች የቀረበ መመሪያ

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ መስኮት ፊት ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው፣ የ30 ቀን የደም ግፊት መድኃኒት የታዘዘላቸው አንድ አዛውንት ዋጋውን ከጠየቁ በኋላ «ለጊዜው የዐሥር ቀኑን ስጪኝ፤ ለቀሪው እመለሳለሁ» ሲሉ መስማቱ አይቀርም። መድኃኒቱ ግን በየቀኑ ካልተወሰደ ግፊቱን አይቆጣጠርም። ለአረጋውያን በዕድሜ ላይ የተመሠረተ ቅናሽ ሊደረግ ይገባል የምለው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህ ጽሑፍም ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማው እምብርት መድኃኒት ቤት፣ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ወይም ካፌ የከፈቱ ሰዎች ቅናሹን ራሳቸውን ሳይጎዱና ደንበኛቸውን ሳያሸማቅቁ እንዴት ሊያከናውኑት እንደሚችሉ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ አንድ ተገቢ ጥያቄ መመለስ አለበት። በዚሁ ሰፈር የሕንፃ ኪራይ የሚሰበስቡ የ70 ዓመት ባለጸጋ አሉ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሚንቶ ተሸክሞ የቤት ኪራይ የማይሞላለት የ25 ዓመት ወጣትም አለ። ታዲያ ቅናሹ ለምን በችግር ሳይሆን በዕድሜ ይሰጣል? መልሴ፣ ድህነትን ማስረዳት ዕድሜን ከማስረዳት ይልቅ ክብርን ይነካል የሚል ነው። ዕድሜውን የተጠየቀ ሰው መታወቂያውን አውጥቶ ያሳያል፤ ድህነቱን እንዲያስረዳ የተጠየቀ ግን ጎረቤት በተሰለፈበት ቦታ ጓዳውን እንዲገልጥ ይገደዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን የመርዳት ኃላፊነት የጣለው በመንግሥት ላይ ስለሆነ ነጋዴው በቅናሽ የሚያደርገው ድጋፍ ከራሱ ፈቃድ የሚመነጭ ነው፤ ቢሆንም አረጋዊው ሲቀበለው ምጽዋት እንዳይመስለው ተደርጎ መዘጋጀት አለበት።

የዕድሜውን መነሻ 60 ያድርጉት፤ በአገራችን የመደበኛው ጡረታ መውጫ ዕድሜም ይኸው በመሆኑ ለማስረዳት አያስቸግርም። ነገር ግን የጡረታ ደብተር እንደ መሥፈርት አይጠይቁ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን በግል ሥራ ያሳለፉ ብዙ ሰዎች ጡረታ የላቸውም፤ እንጀራ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ እናት፣ በሰው ቤት ያገለገሉ፣ በጉሊት የኖሩ ሁሉ ከደብተሩ ውጭ ናቸው። ደብተር ከተጠየቀ ቅናሹ በየወሩ የተወሰነ ገቢ ላላቸው ደርሶ ምንም ገቢ የሌላቸውን ያልፋቸዋል ማለት ነው። የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ ይበቃል።

መታወቂያ ሲታይ ግን የዘመን አቆጣጠሩን ማስተዋል ያስፈልጋል። የልደት ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ ያላስተዋለ ገንዘብ ተቀባይ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይሳሳታል። በፈረንጆች 1964 የተወለዱ ሰው በ2026 62 ዓመት ይሞላቸዋል፤ ይህንኑ 1964 በስሕተት ከእኛው 2018 ላይ የቀነሰ ሠራተኛ ግን 54 ዓመት ብሎ ሊመልሳቸው ነው። ስለዚህ ቅናሽ የሚገባቸውን የመጨረሻ የልደት ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከመክፈያው ጀርባ ይለጥፉና በየዓመቱ ያድሱት። የልደት ቀናቸውን በግምት ያስጻፉ ብዙ አረጋውያን ስላሉ፣ ጥቂት ወራት ጎደሉ ብሎ መከራከር ተገቢ አይደለም።

ቀጥሎ ሒሳቡ ይመጣል፤ ብዙ በጎ ሐሳብ የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማስላት ይገባል። አንድ ዕቃ በ960 ብር ተገዝቶ በ1,200 ብር የሚሸጥ ከሆነ ያልተጣራው ትርፍ 240 ብር ነው። ከመሸጫው ዋጋ 10 በመቶ ሲቀነስ 120 ብር ይሄዳል፤ ይህም የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ገና ሳይነካ የትርፉ ግማሽ ማለት ነው። 5 በመቶ ቢሆን ግን የሚሄደው 60 ብር፣ የትርፉ ሩብ ብቻ ነው። በፊሊፒንስ ሕጉ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዜጎች በመድኃኒትና በሌሎች የተወሰኑ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ላይ የ20 በመቶ ቅናሽ ያዛል፤ ነገር ግን ነጋዴው የቀነሰውን ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ እንዲያወራርድ ይፈቅድለታል። በራስ ፈቃድ በሚደረግ ቅናሽ ግን ሙሉ ወጪው በነጋዴው ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ፣ ለአንድ ወር 20 በመቶ ቀንሶ ከማቆም ይልቅ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ 5 በመቶ ለአረጋውያኑ ይበጃል፤ ወርኃዊ በጀታቸውን ተማምነው ማቀድ የሚችሉት በሚዘልቀው ነውና።

ቅናሹን በሁሉም ዕቃ ላይ ማድረግ ግድ አይደለም። መድኃኒት ቤት በየወሩ በሚወሰዱ የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች ቢጀምር፣ መደብር ደግሞ በዘይት፣ በምስርና በሳሙና ቢወስን ጥቅሙ የሚያስፈልግበት ቦታ ይደርሳል። ካፌዎች ወንበር ባዶ በሚሆንበት የረፋድ ሰዓት ቢወስኑት ጉዳት የለውም፤ መድኃኒት ግን በሰዓት ሊገደብ አይገባም።

ቅናሹን በጉልህ ፊደል ጽፈው በራፍ ላይ ይለጥፉት፤ ከዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ ቢሆን የተሻለ ነው። ያልተለጠፈ ቅናሽ የሚደርሰው ደፍሮ ለሚጠይቅ ብቻ ሲሆን፣ ይሉኝታ የሚይዛቸው አረጋውያን ሙሉ ዋጋ ከፍለው ይሄዳሉ። ሠራተኛዋም «እማማ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ ደንበኞቻችን ቅናሽ አለን፤ መታወቂያ ይዘዋል?» ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ ብትጠይቅ ይበቃል። አልፈልግም ያሉትን አታስገድድ። የተቀነሰው መጠን በደረሰኙ ላይ ለብቻው ይታይ፤ ቅናሹን ለማካካስ አስቀድሞ ዋጋ መጨመር ግን ደንበኛን ማታለል ነው።

ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ቤት የዋሉ አረጋውያንም እንዳይረሱ። የልጅ ልጅ ወይም ጎረቤት ተልኮ ሲመጣ የሐኪም ማዘዣው ላይ የታካሚው ስምና ዕድሜ ስለሚጻፍ፣ ያንን አይቶ መቀነስ ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ምክንያት ወደ ከተማው ዳርቻ የሄዱ ነባር ደንበኞችም ታክሲ ተሳፍረው ስለሚመለሱ፣ ቅናሹን በቀበሌ ነዋሪነት መገደብ እነዚህኑ መልሶ መጉዳት ይሆናል።

ከ3 ወር በኋላ በቅናሽ የሄደውን ገንዘብና የተመላላሽ ደንበኛውን ቁጥር አስተያይተው መጠኑን ያስተካክሉ። ማቆም ግድ ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በዚያው በራፍ ላይ ያሳውቁ፤ አንድ አረጋዊ የወሩን መድኃኒት በቅናሹ ልክ ቆጥረው ይዘው መጥተው መስኮቱ ላይ ሲደርሱ የጎደላቸውን እንዲሰሙ መደረግ የለበትም።