በባዶ አትተኩሱ! (እና ሌሎች የአየር ጠመንጃ ስህተቶች)
ለጥገና የሚመጣልኝን የአየር ጠመንጃ በሽታ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። "መሥራቱን ልሞክር ብዬ..." ይላል። በባዶ ነዋ! ጥይት ሳያስገባ! ስሙኝማ፣ ባለሞላ ጠመንጃ ውስጥ የታመቀ አየር የለም። በርሜሉን ስታጥፉ የሚታመቀው ሞላው ነው። ቃታውን ስትስቡ ሞላው ፒስተኑን ወደፊት ይወረውረዋል፤ አየሩ የሚታመቀው ያኔ ነው፣ በቅጽበት። ጥይቷ መንገዱን ስለዘጋችበት አየሩ ለፒስተኑ ትራስ ይሆንለታል። ጥይት ከሌለ ግን አየሩ በበርሜሉ ሹልክ ይላል፣ ፒስተኑም ያለ ትራስ ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር ይላተማል። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ያለው ጎሚኒ ይሰነጠቃል፣ ሞላው ይሰበራል። "አንዴ ብቻ ነው" አትበሉኝ። ለጓደኛ ሲያሳዩ አንዴ፣ ለወንድም ሲያሳዩ አንዴ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው እኔ ዘንድ የሚመጣው።

በርሜሉ ታጥፎ ሳለ ቃታ መንካትማ፣ በርሜሉ ተስፈንጥሮ ሲዘጋ ጣት ያስቆርጣል።

ዘይት ማብዛት። ይሄን እኔም ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ ሲሊንደሩ ውስጥ የማሽን ዘይት ጠብ አደረግሁ። አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፣ ዘይቱም ልክ እንደ ናፍጣ ሞተር ይቀጣጠላል። ጓ! አለና ጭስ ወጣው። ጉልበት ጨመረ ብዬ ፈነጠዝኩ። ለካ ጎሚኒውን እያቃጠልኩ ነበር።

አንቆ መያዝ። ባለሞላ ጠመንጃ ጥይቷ ከበርሜሉ ሳትወጣ መራገጥ ይጀምራል፣ ወደኋላም ወደፊትም። አንቃችሁ ስትይዙት ርግጫው በየተኩሱ ስለሚለያይ ጥይቷ የትም ትሄዳለች። መዳፋችሁ ላይ ዘና አድርጋችሁ አስቀምጡት።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው ጠመንጃ በብርድ ቢደክም አትፍቱት፣ አልተበላሸም። ጋዙ 20 ዲግሪ ላይ 57 ባር ገደማ ግፊት አለው፣ 0 ዲግሪ ላይ 35 ብቻ።

"አየር ምን ያደርጋል?" እያሉ ወደ ሰው የሚያነጣጥሩም አሉ። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1780 ገደማ ጀምሮ ጂራርዶኒ የተባለ ሰው የፈለሰፈውን የአየር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር፣ ለጦርነት! 20 ያህል ጥይት ይጎርሳል። ሰደፉ ራሱ የአየር ጋን ነው፣ እሱን ለመሙላት ከ1,000 ጊዜ በላይ በእጅ መንፋት ይጠይቅ ነበር።

ዛሬም ጋናቸው ከመተኮሱ በፊት አየር የሚሞላባቸውን ጠመንጃዎች 200 ባር ድረስ በእጅ መንፋት ላብ ያስጠምቃል። ታዲያ ታክቶት የብየዳ ኦክስጅን ሊሞላ ያሰበ አጋጥሞኛል። እጁን ይዤ ነው ያስቆምኩት። ኦክስጅን በዚያ ግፊት ቅባት ካገኘ ይፈነዳል፣ ጋኑ ደግሞ ጉንጫችሁ ሥር ነው ያለው።