ነዳጅ ስትረግጡ መሪው ወደ ጎን ይነጥቃችኋል? ሻፍት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ

ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ በብዛት የምሰማው ቅሬታ ይሄ ነው፦ «የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስወጣ፣ ከኩርባው ወጥቼ ነዳጅ ስረግጥ መሪው ከእጄ ይነጥቀኛል።» ባለ ቪትዙም ባለ ኮሮላውም ይህንኑ ይላል። አብዛኛው ደግሞ ፍርዱን ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ «ሻፍቱ ነው» (ጉልበቱን ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ብሎታል፣ ሌላው «የመሪ ሳጥኑ አልቋል» ብሎታል። አብሽሩ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይደለም።

ነገሩ ቶርክ ስቲር ይባላል፤ የሞተሩ ጉልበት መሪውን ወደ ጎን ሲጎትት ማለት ነው። የሚመጣውም በፊት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ላይ ነው። ሃይሩፍም ሆነ አይሱዙ ያላችሁ፣ ከኋላ ስለሚነዳ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም።

ቪትዝና ኮሮላ ላይ ሞተሩ በወርዱ ነው የሚተኛው፤ ካምቢዮው በግራ በኩል ይወድቃል። ስለዚህ የግራው ሻፍት አጭር፣ የቀኙ ረጅም ነው። አጭሩ ሻፍት ይበልጥ ታጥፎ ነው የሚሠራው። ጉልበት ሲመጣበት ያ ማዕዘን ጎማውን ሊያዞረው ይሞክራል። ሁለቱ ጎኖች እኩል ቢገፉ ይጠፋፉ ነበር። እኩል ስላልሆኑ ትርፉ ወደ መሪው ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም መኪናው ወደ ረጅሙ ሻፍት፣ ማለትም ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንዳንድ አምራቾች ረጅሙን ለሁለት ከፍለው መሃሉን በኩሺኔታ ሞተሩ ላይ ያስሩታል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ጎን እኩል ርዝመት ያገኛል። ፎርድ በ2009 ፎከስ አርኤስ ላይ ከ300 ፈረስ ጉልበት በላይ በፊት ጎማ ብቻ ሲያወርድ፣ መሪው የሚዞርበትን ዘንግ ወደ ጎማው መሃል የሚያስጠጋ የተለየ የጎማ ማቀፊያ ሠርቷል።

እኛ ጋ ግን 300 ፈረስ የለም። አንድ ሺህ ሲሲ ቪትዝ 70 ገደማ ነው ያለው። ደሴ ደግሞ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ በላይ ያጣል። የቀረው ጉልበት ጤነኛ መኪና ላይ መሪ አይነጥቅም። ከነጠቀ የላላ ነገር አለ ማለት ነው። የላላውን መፈለግ ነው እንጂ ሻፍት መለወጥ ገንዘብ መበተን ነው።

መጀመሪያ ሞክሩት። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ሜዳና ቀጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። አስፋልት ውሃ እንዲፈስ ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ነው የሚሠራው። በቀኝ ስለምንነዳ ትንሽ ወደ ቀኝ መሄድ በራሱ ችግር አይደለም። መሪውን ላላ አድርጋችሁ ያዙ፣ እጃችሁን ግን አትልቀቁ።

ነዳጅ ለቃችሁ፣ ማርሹን ነጻ አድርጋችሁም የሚጎትት ከሆነ ጎማ፣ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ) ወይም የሚይዝ ፍሬን ነው። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነ የፍሬን ጉዳይ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ ወደ አንድ ጎን ሄዶ፣ ስትለቁ ወደ ሌላው የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ሎወር አርም ጎሚኒውን ጠርጥሩ፤ ጎማውን ከሥር የሚይዘው ክንድ መጋጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ ነው። እኔ ይህን ስሰማ መኪናውን ሳላነሳ ግማሹን አውቄዋለሁ።

ከርካሹ ጀምሩ። ጎሚስታ ጋ ሁለቱን የፊት ጎማዎች በቀዝቃዛው አስለኩ፤ ትክክለኛው ቁጥር በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል። ግራና ቀኝ የተለያየ ብራንድ ወይም አንዱ አዲስ አንዱ ያለቀ ከሆነ መልሱን እዚያው አገኛችሁት ማለት ነው። የፊቱን ግራና ቀኝ አቀያይሩ። መጎተቱ ጎን ከቀየረ ችግሩ ጎማው ነው። ጎማው የመዞሪያ ቀስት ካለበት ግን አታቀያይሩ።

ቀጥሎ ሞተር ማውንት፣ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚይዘው ላስቲክ። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ የእግሩንም አጥብቃችሁ ረግጣችሁ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ዲ ከዚያ ወደ አር አድርጉ። ጓደኛችሁ ኮፈኑን ከፍቶ ከጎን ይይ። ከፊት አይቁም! ሞተሩ ጎልቶ ብድግ ካለ ማውንቱ አልቋል። ሞተሩ ሲያዘነብል የሻፍቶቹም ማዕዘን አብሮ ይቀየራል።

ከዚያ ጎሚኒው። መኪናውን በክሪክ አንሱና ማቆሚያ አስገቡ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር የሚገባ ሰው አይቼ ዝም አልልም። በሌቫ (በረጅም ብረት) ሎወር አርሙን ነቅንቁት። የኋለኛው ጎሚኒ ከተሰነጠቀ ወይም ብረቱ ውስጡ የሚንሸራሸር ከሆነ ይቀየር። ባልጆይንቱንና (የሎወር አርሙን መገጣጠሚያ) ቴስቲናውንም (የመሪውን ዘንግ ጫፍ) አብራችሁ ፈትሹ።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ጎሚኒ የተቀየረላቸው ሰዎች ትንሽ ቆይተው «እንደገና ጀመረው» ብለው ይመለሳሉ። ምክንያቱ ብሎኑ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ መጥበቁ ነው። እንዲህ ሲሆን መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ብሎኑን አስገቡ፣ በእጅ ያህል አስሩ፣ መኪናውን በጎማው አቁሙ፣ ከዚያ አጥብቁ። ሠራተኛው «ለውጥ የለውም» ካላችሁ ቆማችሁ አስደርጉት።

ሌላው የኛ አገር በሽታ መኪናን ከመሬት ከፍ ማድረግ ነው። ጉድጓዱን ፈርተን ሞላው ላይ ስፔሰር (ማስረዘሚያ) እናስገባለን። እውነት ነው፣ ሆዱ አይመታም። ግን ሻፍቶቹ ይበልጥ ይታጠፋሉ፣ ሲቪ ጆይንቱ (የሻፍቱ መታጠፊያ) ይበላል፣ መሪውም ይባስ ይነጥቃል። በተለይ አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ። በሜትር ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኝ ለኩ፤ ከተለያየ የተሰበረ ወይም የደከመ ሞላ ይኖራል። ወደ ውጭ የሚወጣ ሰፊ ቸርኬም ያው ነው፤ ለውበት ይሆናል፣ ለመሪው ግን መከራ ነው።

አላይመንት መጨረሻ ላይ ይምጣ። በላላ ጎሚኒ ላይ የተሠራ አላይመንት ከጋራዡ በር ሳይወጣ ይበላሻል።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ከፊት የሚነዱት ላይ ነገሩ ይለያል። ሞተራቸው ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ይሰጣል፣ የደሴ ከፍታም አይቀንሰውም። ስለዚህ ጤነኛ ሆኖም መሪ ሊነጥቅ ይችላል። ሐረጎ ላይ ኢኮ (የቁጠባ ሞድ) ላይ አድርጋችሁ ንዱ፣ ከኩርባ ስትወጡ መጀመሪያ መሪውን አቅኑ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ እርገጡ። በክረምት አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ፣ ሌላው አስፋልት ላይ ሆኖ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትቸኩሉ።