ነጭ ሽንኩርቱ ቢጫ ሆነ? መጀመሪያ ነቅላችሁ እዩት

ጅማ ላይ ነጭ ሽንኩርት የሚገድለው ብርድ አይደለም፣ ውሃ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ያው ጥያቄ ይመጣብኛል፦ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ፣ ዩሪያ ልጨምርበት?» ቆይ! አንዱን በዶማ ፈንቅላችሁ ሥሩን እዩ።

ሥሩ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ርቦት ነው። ማዳበሪያውን ዝናብ አጥቦታል። ትንሽ ዩሪያ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ ስጡት። ከተተከለ ሁለት ወር ካለፈው ግን ተዉት፤ ቅጠል ብቻ ይሆንባችኋል።

ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከላሸቀ፣ ሲነካ ከተሟለጨና ከሸተተ፣ ውሃ ተኝቶበታል። የሚጠሩኝ በአብዛኛው ለዚህ ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል፤ መስከረም ጠባ ብሎ ዝናቡ አያቆምም። ሰው ግን ሜዳ ላይ ይተክላል።

አንዲት ጎረቤቴ የፈረንጅ ቪዲዮ አይተው መደቡ ላይ ሣር በክንድ ቁመት ከመሩበት። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው እኮ የሚከላከለው በረዶ ነው! እዚህ የምን በረዶ? ሣሩን ስንገልጠው ሽታው ወደ ኋላ መለሰን። አንድ ፍሬ እንኳ አልተረፈም። ሌላው ወዳጄ ደግሞ መደቡን ከፍ አደረገ፣ ጎበዝ። ከዚያ ለማሳመር ዙሪያውን በብሎኬትና በሲሚንቶ ገጠመው። መውጫ የለውም። መታጠቢያ ገንዳ ሠርቶ ሽንኩርት ዘፈዘፈበት ማለት ነው። ብሎኬቱን በመዶሻ ስናፈርስ የወጣውን ውሃ አልረሳውም።

መፍትሄው ከመትከል በፊት ይጀምራል። አንድ ስንዝር ተኩል ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። ሲሰርግ ድገሙት። ሁለተኛው ውሃ አራት ሰዓት ሙሉ ቆይቶም ካልሰረገ፣ ያ ቦታ የሽንኩርት አይደለም። ደህና ከሆነ መደቡን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ስፋቱ ከአንድ ሜትር አይብለጥ። በመደቦቹ መካከል ቦይ አውጡ። ቦዩ የሚፈስበት ቦታ ይኑረው፤ ይህን ሁለቴ አንብቡት። ጥሬ ፍግ አታስገቡ፣ የበሰለ ብስባሽ ብቻ። ዝናቡ ሲቀንስ፣ መስከረም መጨረሻ ገደማ፣ ትልልቁን ፍሬ መርጣችሁ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ትከሉ። የሽንኩርቱን ራስ የምትፈለቅቁት በምትተክሉበት ዕለት ነው። ልጣጩን አትላጡ! ልጦ የተከለ ሰው አይቻለሁ፤ ለወጥ የሚያዘጋጅ ነበር የመሰለኝ። ጉዝጓዝ የምታለብሱት መሬቱ መድረቅ ሲጀምር፣ ያውም ስስ አድርጋችሁ ነው።

ተተክሎ ከሆነ? ሣሩን አንሱ፣ ቦዩን አጥልቁ፣ የላሸቀውን ንቀሉ፣ ውሃ ማጠጣት አቁሙ። የቀረው ይተርፍ ይሆናል።

ዘርም ያስለቅሳል። ገበያ ላይ በላስቲክ ታፍኖ የከረመ ርካሽ ሽንኩርት ገዝታችሁ አትትከሉ። ስትጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ለድስት እንኳ አይሆንም።

ሥሩ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ፣ በላዩም ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ፍሬዎች ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ነጭ አበስብስ ይባላል። አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ከነአፈሩ አውጥታችሁ አቃጥሉ። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትጥሉት። ዶማውንም ጫማውንም እጠቡ። እዚያ ቦታ ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ባሮ ሽንኩርት አይተከልም።

ቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ካለ ዋግ ነው፤ ከላይ አታጠጡ።

ስትነቅሉት የሽንኩርቱ ራስ ሳይከፋፈል አንድ ድቡልቡል ፍሬ ከሆነ፣ የተከላችሁት ፍሬ ትንሽ ስለነበረ ወይም በቂ ብርድ ስላላገኘ ሊሆን ይችላል። አትጣሉት፤ ለዓመቱ መልሳችሁ ትከሉት።

ከውጭ ዘመድ ቱሊፕ የሚባለውን፣ እንደ ሽንኩርት ከራስ የሚበቅል አበባ፣ ከላከላችሁ ደግሞ፣ እሱ ረጅም ብርድ ይፈልጋል፤ ጅማ ደግሞ ያን አትሰጠውም። በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ወር አቆዩት። ሙዝና ፖም አጠገቡ አይቀመጥ፤ አበባውን ከውስጥ ያጨነግፉታል።