ያልተዘረጋው ሐዲድ ጫፍ፦ የቡና መጋዘንን በ1፡87 መሥራት

ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ እዚያው አበቃ፤ ጅማ ሐዲድ አላየችም። ሞዴል ለሚሠራ ሰው ግን ይህን መስመር እስከ ጅማ ለማድረስ የሁለት ሜትር ጣውላ ይበቃዋል፤ እኔም በቤቴ የምሠራው ይህንኑ ነው። ከዚህ በታች የማስረዳው በመስመሩ ጫፍ ላይ የሚቆመውን የቡና መጋዘን አሠራር ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመለካት ነው። ኤች ኦ በሚባለው በ1፡87 ልኬት፣ በእውነተኛው ሕንፃ ላይ ያለ አንድ ሜትር በሞዴሉ ላይ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ ስሌት የ2.10 ሜትር በር 24 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የቀድሞው መስመር ሐዲድ የአንድ ሜትር ስፋት ስለነበረውም ለዚህ ልኬት የሚሸጠው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በጣም ይቀርበዋል። በከተማው ካሉት የቆዩ መጋዘኖች አንዱን መርጦ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ አንድ ሜትር የሚለካ በትር ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከፊት ለፊት ፎቶ ማንሣት ይገባል፤ በትሩ በፎቶው ውስጥ ካለ የቀረውን ሁሉ ቤት ገብቶ ማስላት ይቻላል። ርዝመቱ 30 ሜትር የሆነ መጋዘን በሞዴል 34 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለሚሆን ለብዙዎቻችን ጠረጴዛ ይበዛል። ስለዚህ ከአምስቱ በሮች ሦስቱን ብቻ ሠርቶ ሕንፃውን ማሳጠር ይቻላል፤ የበሩን፣ የመስኮቱንና የደረጃውን መጠን ግን መንካት አይገባም፤ ዓይን የሕንፃን ትልቅነት የሚገምተው ሰው በሚያልፍባቸውና በሚነካቸው ነገሮች ነውና።

ካርቶኑ ከመቆረጡ በፊት ሕንፃውን በስስ ወረቀት አጣጥፎ ከሐዲዱ አጠገብ ማቆምና ረጅሙን ፉርጎ በእጅ እየገፉ ማሳለፍና ሕንፃውን እንዳይነካው ማየት ያስፈልጋል። የመጫኛው መድረክ ከፍታም የሚወሰነው በራሱ በፉርጎው ወለል ነው።

ለግድግዳው ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ካርቶን ይሆናል። በሮቹና መስኮቶቹ ከግድግዳው ዙሪያ በፊት ይቆረጣሉ፤ ምላጩም አዲስ ሆኖ፣ በብረት ማስመሪያ ተደግፎ፣ በቀስታ አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ አለበት። በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ ከውስጥ የካርቶን ድጋፍ በኮላ ይለጠፋል። የመጀመሪያው መጋዘኔ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ እንደ ቅል ጎብጦብኝ ነበር፤ ምክንያቱም ውጩን ብቻ ቀብቼ ውስጡን ባዶ ትቼው ስለነበር፣ የጅማ ክረምት እርጥበት በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው መውጣት አልቻለም። ከዚያ ወዲህ በውኃ የቀጠነ ኮላ ሁለቱንም ገጽ ሳልቀባ፣ በሁለት ሰሌዳዎችም መካከል አጣብቄ ሳላደርቅ አንድም ግድግዳ አላቆምኩም። ግድግዳው ሲደርቅ ጥቂት ኮላ የተቀላቀለበት ጄሶ በስሱ ይለቀለቃል።

በጅማ ሕንፃ ላይ ከሩቅ የሚታየው ጣሪያው ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜዬን የምሰጠው ለቆርቆሮው ነው። የተለመደው ቆርቆሮ ከአንዱ ሞገድ እስከ ሌላው 76 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በሞዴሉ 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ደግሞ ጥርሶቹ በ0.8 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቁ ምትክ የለሽ መሣሪያ ነው። ወፈር ያለ የአሉሚኒየም ፎይል በወፍራም ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ፣ ሙሉ በሙሉ ጥርስ ያለው ቡሎን በሁለት እጅ እየተጫኑ ሲንከባለልበት ሞገዱ ይወጣል። መስመሮቹ በሦስት ዲግሪ ያህል ዘመም ብለው ይወጣሉ፤ ይህ የቡሎኑ ጥርስ ጠመዝማዛ ስለሆነ የሚመጣ ነውና፣ ፎይሉ የሚቆረጠው ሞገዱን ተከትሎ እንጂ የፎይሉን ጠርዝ ተከትሎ አይደለም። እያንዳንዱ ቅጠል 23 በ10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቆረጥና ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየሸፈነ ይለጠፋል። ሙሉ ጣሪያን በአንድ ፎይል መሸፈን ቢያፈጥንም፣ እኔ አልመክረውም፤ የቅጠሎቹ መደራረብ የሚፈጥረውን ጥላ ቀለም አይተካውም። ከክዳኑ ጠርዝ በታች አሸንዳው ይገጠማል፤ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል።

ቀለም በትንሽ ነገር ላይ ከእውነተኛው ይልቅ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ጥቂት ነጭ ይጨመርበታል፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሚመራው ዝናብ ነው። ብሩሽ ከማንሣት በፊት ውኃው ከየት ወርዶ የት እንደሚያርፍ ማሰብ ይገባል፦ ከቆርቆሮው ምስማሮች በታች ዝገቱ በቀጭኑ ይወርዳል፤ አሸንዳው በተቀደደበት ቦታ ግድግዳው ላይ ጠቆር ያለ ጅረት ይታያል፤ በመስኮት ደፍ ስር ሁለት ጥግ ላይ ቆሻሻ ይንጠለጠላል። ከሁሉም በላይ ግን ዝናቡ ቀዩን አፈር እያፈናጠረ የግድግዳውን እግር እስከ ግማሽ ሜትር ድረስ ያቀላዋል፤ ይህ በሞዴል ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ የሚሆነው ቀለም በደጃፋችን አለ። ቀይ አፈር በምጣድ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በቀጭን ጨርቅ ተነፍቶ በደረቅ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ እየሳሳ ይነካካል። ክዳኑ ሰፊ በሆነበት ወገን፣ ከመድረኩ ጥላ ሥር፣ ግድግዳው ንጹሕ ሆኖ መቅረት አለበት። በየቦታው እኩል የተቆሸሸ ሕንፃ የተቀባ እንጂ ያረጀ አይመስልም።

መብራት የሚገባበት ከሆነ ጣሪያው ከመለጠፉ በፊት ውስጡ ጥቁር ይቀባል፤ አለበለዚያ ካርቶኑ ብርሃን አሳልፎ ግድግዳው እንደ ፋኖስ ይበራል። በ12 ቮልት ለሚሠራ አንድ ኤል ኢ ዲ (ትንሽ አምፖል) የ1,000 ኦም ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንስ ቁራጭ፣ ይበቃል፤ ብርሃኑ ከበዛ ወደ 4,700 ኦም ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ጆንያዎቹ ኮላ ከገባበት ነጭ ሸክላ 10 በ6 ሚሊ ሜትር ሆነው ይድቦለቦላሉ፤ ገና ሳይደርቁ የቁስል ሻሽ ሲጫንባቸው የጆንያው ሽመና ይታተምባቸዋል። ለስላሳ እንደሆኑ አንዱን በሌላው ላይ መደርደር ያስፈልጋል፤ የታችኛው ከላይ ያለውን ክብደት ተሸክሞ እንዲጎብጥ። በመጨረሻም ሕንፃው መሬት ላይ ብቻ እንዳይቀመጥ፣ ዙሪያው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል በተነፋው አፈር ይሞላል፤ አሸንዳው በሚፈስበት ማዕዘን ላይም ትንሽ ጉድጓድ በጣት ተጭኖ ይተዋል።