ብላስቶይድ፦ የሰው ሽል አምሳያን ከግንደ ህዋስ የማሳደግ አሠራር

እ.ኤ.አ. በ2021 የተለያዩ የምርምር ቡድኖች እንቁላልና የወንድ ዘር ሳያገናኙ፣ ከግንደ ህዋስ (ወደ ሌሎች የህዋስ ዓይነቶች ሊለወጥ ከሚችል ህዋስ) ወይም ዳግም ከተቀረፀ የቆዳ ህዋስ በመነሣት፣ ብላስቶይድ የተባለ የሰው ሽል አምሳያ አሳድገዋል። አምሳያው የሚወክለው ከፅንሰት በኋላ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ያለውንና ገና ከማሕፀን ግድግዳ ጋር ያልተጣበቀውን ሽል ነው። እዚህ የሚቀርበው በቪየና የኒኮላ ሪቭሮን ቡድን በዚያው ዓመት መጨረሻ ያሳተመው መንገድ ሲሆን፣ የተመረጠውም አራት ቀን ብቻ ስለሚፈጅና ውጤታማነቱ ከ70 በመቶ በላይ መሆኑ ስለተመዘገበ ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የህዋሱ ለጋሽ የጽሑፍ ስምምነትና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የግንደ ህዋስ ምርምር ማኅበር መመሪያ፣ ምርምሩ ግልጽ ሳይንሳዊ ዓላማና አስቀድሞ የተወሰነ ማብቂያ እንዲኖረው ያዛል፤ አምሳያውን ወደ ሰውም ሆነ ወደ እንስሳ ማሕፀን ማስገባትንም ይከለክላል።

ብዙ ጀማሪዎች ትኩረታቸውን በኬሚካሎቹ ላይ ያደርጋሉ፤ የሥራው ዕጣ የሚወሰነው ግን በመነሻ ህዋሱ ጥራት ነው። በአብዛኛው ቤተ ሙከራ የሚገኘው የተለመደው ግንደ ህዋስ ወደ ኋለኛው የዕድገት ደረጃ ያዘነበለ ስለሆነ የሽሉን ውጫዊ ሽፋን በቀላሉ አይሠራም። ስለዚህ ህዋሱ አስቀድሞ «ናይቭ» ወደሚባለው የቀደመ ሁኔታ መመለስ፣ ፒኤክስጂኤል በተባለው ማሳደጊያ ፈሳሽ፣ በአይጥ ደጋፊ ህዋሳት ላይና 5 በመቶ ኦክስጅን ባለው ኢንኩቤተር ውስጥ መቆየት አለበት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጤናማው የናይቭ ህዋሳት ስብስብ (ኮሎኒ) ጉብ ያለ፣ ጠርዙ የጠራና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጠርዙ ተዘርግቶ ከጠፈጠፈ ህዋሱ ከደረጃው እየወጣ ነውና ሙከራውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይሻላል። ናይቭ ህዋስ የክሮሞዞም ለውጥ ስለሚበዛበት የክሮሞዞምና የማይኮፕላዝማ (የህዋስ እርባታን የሚበክል ባክቴሪያ) ምርመራ በየጊዜው መደረግ አለበት።

ህዋሳቱ አኩቴዝ በተባለ የኢንዛይም ፈሳሽ ተነጣጥለው ጄላቲን በተቀባ ሳህን ላይ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በለጥ ላለ ጊዜ ሲቀመጡ ደጋፊዎቹ ከሳህኑ ጋር ይጣበቃሉ፤ ተንሳፍፈው የቀሩት ተሰብስበው ስፋታቸው 200 ማይክሮሜትር በሆነና ህዋስ በማይጣበቅባቸው የሃይድሮጄል ጉድጓዶች ውስጥ ይዘራሉ። ህዋሳቱ እንዳይሞቱ ዋይ-27632 የተባለ ኬሚካል የተጨመረበት ኤን2ቢ27 የተባለ ማሳደጊያ ፈሳሽ ይሰጣቸዋል፤ የሚሰባሰቡበት ጊዜ እንደ ህዋሱ መስመር (ከአንድ ምንጭ እንደተራባው የህዋስ ዘር) ከዜሮ እስከ 24 ሰዓት ስለሚለያይ ለእያንዳንዱ መስመር አስቀድሞ መፈተኑ የሚያስቆጭ አይደለም። ቀጥሎ ኤርክ፣ ቲጂኤፍ-ቤታና ሂፖ የተባሉትን በህዋስ ውስጥ ያሉ የመልእክት መንገዶች የሚገቱ ንጥረ ነገሮች የያዘው «ፓሊ» የተባለው ፈሳሽ ይገባል። ከሦስቱ የሂፖ መገታት በተለይ ሊጤን ይገባዋል፤ በእውነተኛው ሽል ውስጥ ውጪ ያሉት ህዋሳት የእንግዴ ልጅ መነሻ የሚሆኑት ይህ መንገድ በእነርሱ ውስጥ ሲደክም ነውና። ፓሊ በየ24 ሰዓቱ ይታደሳል፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ግን ሂፖን የሚገታውን ኤልፒኤንና ዋይ-27632ን ብቻ በያዘ ፈሳሽ ይተካል። ፈሳሹ ሲቀየር የፒፔቱ ጫፍ ወደ ሳህኑ ግድግዳ ተጠግቶ ቀስ ብሎ መንጠባጠብ አለበት፤ በኃይል ከወረደ ክምችቶቹ ከጉድጓዳቸው ወጥተው ይደባለቃሉ።

በ96ኛው ሰዓት ትክክለኛ ብላስቶይድ ከ150 እስከ 250 ማይክሮሜትር ስፋት፣ አንድ ወጥ ውጫዊ ሽፋን፣ ፈሳሽ የሞላው ክፍተትና አንድ ብቻ የውስጥ ክምችት ይኖረዋል። ቅርጹ ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ከፕሮቲኖች ጋታ3 ለውጫዊው ሽፋን፣ ኦክት4 ለውስጡ ክምችት፣ ጋታ4 ደግሞ ለአስኳል ከረጢት መነሻ ህዋሳት ምልክት ሆነው በቀለም መፈተሽ አለባቸው። በ2021 መጀመሪያ በታተመ አንድ አምሳያ ላይ፣ ውጫዊ ሽፋን የተባሉት ህዋሳት የአምኒዮን (ሽሉን የሚከብበው የውሃ ከረጢት ሽፋን) ህዋሳትን ይመስላሉ የሚል ክርክር የተነሣው የዘረመል አነባበባቸው ከእውነተኛ ሽል ጋር ሲነጻጸር ነበር። ውጤታማነትም ሲሰላ አካፋዩ ባዶና የተበላሹትን ጨምሮ ሁሉም ጉድጓድ መሆን ይኖርበታል፤ ያማረውን መርጦ መቁጠር በዘርፉ የተለመደ ድክመት ነው።

መጣበቅን ለማጥናት ብላስቶይዶቹ ከማሕፀን ሽፋን በተገኙ ህዋሳት ላይ ይቀመጣሉ። የሚጣበቁት ሽፋኑ በሆርሞን ሲዘጋጅ ብቻ ሲሆን፣ የሚነኩትም የውስጥ ክምችቱ ባለበት ጎናቸው ነው። ከተጣበቁ በኋላ የሚያመነጩት ሆርሞን በተለመደው የእርግዝና መመርመሪያ ሊለይ ይችላል። በፈቃዱ የተወሰነው ሰዓት ሲደርስ ናሙናዎቹ በሙሉ በ4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ ዕድገታቸው እንዲቆም ይደረጋል፤ ሰዓቱና ቁጥራቸውም በመዝገብ ይሰፍራል።