አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና በተራራ መንገድ፦ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

እንደ ኤምጂቢ፣ ትራያምፍ ቲአር4 ወይም ኦስቲን ሂሊ ባለች ጣሪያዋ ተከፋች መኪና፣ ገደልና ሸለቆ እያዩ ጠመዝማዛ ዳገት መውጣትን የሚያህል የመንገድ ደስታ አላውቅም። ይሁን እንጂ የተራራ መንገድ ሙቀትን፣ የሳሳ አየርንና ረጅም ቁልቁለትን በአንድ ቀን አምጥቶ መኪናዋን የሚፈትን ስለሆነ፣ ከተማ ውስጥ ያልታየ ድክመት ሁሉ እዚያ ይገለጣል። ብዙ ጊዜ መኪናዋን የሚያቆማት የተሰበረ ዕቃ ሳይሆን ጊዜያዊ ሁኔታ ነው፤ ስለዚህ ቁልፍና መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ችግሩ ከመታየቱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ መኪናዋ ምን እያደረገች እንደነበረ ያስታውሱ።

ሞተሩ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ ወይም ሲጠፋ

ከሁሉም የሚያደናግረው ምልክት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፈጽሞ የማይገናኙ መንስኤዎች ለአሽከርካሪው አንድ ዓይነት ስሜት ይሰጡታል።

በመጀመሪያ ከፍታው ራሱ የሚያመጣውን ድካም ከብልሽት መለየት ያስፈልጋል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሞተርም ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ለዚህ መፍትሄው በጊዜ ማርሽ መቀነስ ብቻ ነው።

ከድካሙ በተጨማሪ የቤንዚን ሽታ፣ ጥቁር ጭስና የተዛባ ሚኒሞ (የነዳጅ ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ካለ ግን ሞተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን እየተሰጠው ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው የኤስዩ ካርቡሬተር ቤንዚኑን የሚመጥነው ሾጣጣ መርፌ በያዘ ፒስተን ነው፤ የአየሩን መሳሳት ለይቶ ስለማያውቅ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ ይወፍራል፤ ማለትም ቤንዚን ይበዛበታል። አስቀድመው የቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሣት ድብልቁን የሚያወፍረው) ገመድ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይመልከቱ፤ በግማሽ የቀረ ቾክ ይህንኑ ምልክት ያሳያል። ቾኩ ደህና ከሆነ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ማንሻ ፒን በመጫን ፒስተኑን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ መጠን ከፍ ያድርጉት፦ የሞተሩ ፍጥነት ጨምሮ እዚያው ከቆየ ድብልቁ ወፍራም ነው፣ ወርዶ ሊጠፋ ከፈለገ ቀጭን ነው፣ ለቅጽበት ትንሽ ጨምሮ ከተረጋጋ ልክ ነው።

ድብልቁን ለማቅጠን ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ባለ ስድስት ጎን ብሎን ወደ ላይ ይጠብቃል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን (የዙር ስድስተኛ) ብቻ፣ ካርቡሬተሮቹ ሁለት ከሆኑም በሁለቱም ላይ እኩል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው ነገር አለ፦ ተራራውን በአንድ ቀን ተሻግረው የሚወርዱ ከሆነ ይህን ብሎን አይንኩት። ላይ ልክ የሆነው ድብልቅ ታች ሲደርሱ ቀጭን ይሆናል፤ በቀጭን ድብልቅ በጭነት የሚሠራ ሞተር ከልክ በላይ ግሎ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን ያቃጥላል። ከፍታው ላይ ለብዙ ቀናት የሚቆዩ ከሆነ ግን ስንት ጎን እንዳዞሩ ጽፈው ያስቀምጡና ሲወርዱ በዚያው ቁጥር ይመልሱት።

ጭስም ሽታም ሳይኖር ሞተሩ እየተንገጫገጨ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አልደረሰውም ማለት ነው። እንደ ኤምጂቢ ባሉት ላይ የነዳጅ ፓምፑ የኤሌክትሪክ ስለሆነና ከኋላ ስለሚገኝ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ ከፍተው ያዳምጡ። ጤነኛ ፓምፕ ጥቂት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ብሎ የካርቡሬተሩ ቋት ሲሞላ ዝም ይላል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ወይ በውስጡ ያሉት መገናኛ ነጥቦች ተጣብቀዋል፤ በመፍቻ እጀታ ገላውን ቀስ አድርገው ሲመቱት ከተነሣ ነጥቦቹ አልቀዋል ማለት ነው፤ ቤት ያደርስዎታል፣ ነገር ግን ለሚቀጥለው ጉዞ አይታመንም። ሳያቋርጥ በፍጥነት ጠቅ ጠቅ ካለ ቤንዚን አልቋል ወይም ከቱቦው አንድ ቦታ አየር እየሳበ ነው።

ፓምፑ እየሠራ ሞተሩ ከግማሽ ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ የሚጠፋ፣ ጥቂት ካረፈ በኋላ ደግሞ የሚነሣ ከሆነ የታንከሩን ክዳን ይክፈቱት። አየር በፉጨት ወደ ውስጥ ከገባ የታንከሩ መተንፈሻ ተደፍኗል። እኔ ይህን የተማርኩት ደህና የነበረውን ፓምፕ አውጥቼ በአዲስ ከቀየርኩ በኋላ ያው ችግር በሁለተኛው ዳገት ላይ ሲደገምብኝ ነው፤ መፍትሄው የክዳኑን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ማጽዳት ብቻ ነበር።

ሌላው የተለመደ ሁኔታ ዳገቱን በሰላም ወጥተው፣ ለዕይታ ዐሥር ደቂቃ ካቆሙ በኋላ ሞተሩ አልነሣም የሚልበት ነው። በኤምጂቢ ላይ ካርቡሬተሮቹና የጋለው የጭስ ማውጫ በሞተሩ አንድ ጎን ስለሚገኙ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ በቋቱ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ያፈላዋል። ኮፋኖውን ከፍተው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፤ ከዚያም የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጠው ይዘው ያስነሡ። ችግሩ የሚደጋገም ከሆነ በካርቡሬተሩና በጭስ ማውጫው መካከል የሚገባው የሙቀት መከለያ ሰሌዳ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ፤ በጥገና ወቅት ወልቆ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

በማንኛውም ጊዜ ቤንዚን ከካርቡሬተሩ ወደ ውጭ ሲንጠባጠብ ካዩ ወዲያውኑ ሞተሩን ያጥፉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቋቱ ሲሞላ ቤንዚኑን በሚዘጋው ተንሳፋፊ ቫልቭ ላይ የተቀረቀረ ቆሻሻ ነው፤ የቋቱን ገላ በቀስታ መምታት ሊያስለቅቀው ይችላል። ካልቆመ ግን ቤንዚን በጋለ ብረት ላይ እየፈሰሰ መንዳት ለእሳት መጋበዝ ነው።

የውሃው ሙቀት ሲጨምር

በ2,500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፦ 10 ፒኤስአይ የሚይዝ ክዳን በዚያው ከፍታ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 110 ዲግሪ ያደርሰዋል። ስለዚህ ታች ያልታየ፣ ላይ ግን የሚደጋገም መፍላት ካለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጎማው የደረቀ ክዳን ነው።

ጌጁ መውጣት ሲጀምር ማርሽ ይቀንሱ፤ የሞተሩ ዙር ሲጨምር በቺንጋ የሚዞሩት የውሃ ፓምፕና ማራገቢያ አብረው ይፈጥናሉ። ምቾት ባይኖረውም የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ መክፈት እንደ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ያገለግላል። ይህ ካልረዳ ቆመው ያጥፉ፣ ክዳኑንም ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ አይክፈቱ። ከዚያ በኋላ የቺንጋውን መላላትና የራዲያተሩን መደፈን ይመርምሩ፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ መዘግየትም ሞተሩን እንደሚያግል አይርሱ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲደክም

እዚህ ላይ እግርዎ የሚነግርዎትን በጥንቃቄ ይስሙ። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ የማትይዝ ከሆነ የጋሉት ሸራዎቹ ናቸው። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፤ ይህኛው እጅግ አደገኛ ነው፣ በተለይ የዚያ ዘመን ብዙ መኪኖች ለአራቱም ጎማ አንድ የዘይት መስመር ብቻ ስላላቸው። ፔዳሉን ደጋግመው እየረገጡ፣ ማርሽ እየቀነሱና የእጅ ፍሬኑን በእርጋታ እየሳቡ በመጀመሪያው አስተማማኝ ቦታ ይቁሙ። በጋለው ዲስክ ላይ ውሃ አያፍስሱ፤ ዲስኩ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

የመፍላቱ መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የዶት 4 ደረጃ ዝቅተኛው የመፍያ ነጥብ አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 ዲግሪ ነው። በየሁለት ዓመቱ፣ ይልቁንም ከተራራ ጉዞ በፊት፣ መቀየር አለበት። አነዳዱም ይወስናል፦ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፣ ፍሬኑን ሳያቋርጡ ከመያዝ ይልቅ ጠንከር አድርገው ይዘው ይልቀቁት። ኦቨርድራይቭ (የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) ካላት ከመውረድዎ በፊት ያጥፉት፤ የሞተሩን የመያዝ ኃይል ይቀንሰዋል።

የቻርጅ መብራቱ ሲበራ

እ.ኤ.አ. እስከ 1967 የተሠሩት ኤምጂቢዎች ዲናሞ እንጂ ኦልተርኔተር የላቸውም። ዲናሞ በዝቅተኛ ዙር በቂ ኤሌክትሪክ ስለማይሰጥ፣ በዋሻዎች መብራት አብርተው በጠባብ ኩርባዎች ቀስ ብለው ሲወጡ ባትሪው እየተራቆተ ይሄዳል። ዙሩን ከፍ ሲያደርጉ የቻርጅ መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ ብልሽት የለም። ካልጠፋ ቺንጋውን፣ ቀጥሎም የባትሪውንና የሻሲውን ማያያዣዎች ይመልከቱ፤ በእነዚህ መኪኖች ላይ በሉካስ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚሳበበው ብዙ ችግር ከዛገ የሻሲ ማያያዣ የሚመጣ ነው።

ከሌላ መኪና ባትሪ ከመበደርዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ በዚያው ዘመን በተሠሩት ላይ ከሻሲው ጋር የተያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። የሁለቱ መኪኖች አካል እንዳይነካካ ያድርጉ፣ ገመዱንም ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭን ከኔጋቲቭ ብቻ ያገናኙ።

ቁልፉ ጠፍቶ ሞተሩ ሲቀጥል

በጣም የጋለ ሞተር ያለ ካንዴላ እሳት ቤንዚኑን ራሱ እያቀጣጠለ እየተንኳኳ ሊቀጥል ይችላል። ፍሬኑን አጥብቀው ይዘው ከፍተኛውን ማርሽ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን በቀስታ ይልቀቁ፤ ወዲያው ይጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ከማጥፋትዎ በፊት አንድ ደቂቃ በሚኒሞ ያሠሩት፤ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ከሆነም ዝቅ ያድርጉት።